ስለ ወደብ ለሚደራደሩና በሠራተኛው ስም ለሚፈርሙ

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ)
አዲስ አበባ

ኦምዱርማን፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ጫኝና አውራጆች በኅብረት ስምምነትና በወደብ ድርድር ውስጥ ቦታ እንዲኖራቸው ስለመጠየቅ



ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከኦምዱርማን፣ አል-ሰውራ ከሚባለው ሠፈር ነው። ሥራዬ ጫኝና አውራጅነት ነው። ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ በረሓውን አቋርጦ የሚመጣው ስኳር፣ ዱቄትና ሩዝ ከተሳቢ ወርዶ መጋዘን የሚገባው በእኔና በመሰሎቼ ጫንቃ ነው። ከዚያ በፊት፣ ወጣት ሳለሁ፣ የአሰብ ወደብ ሠራተኛ ነበርኩ። በሁለቱም አገር የሠራሁት በትከሻዬ ነው፤ በሁለቱም አገር ስለ ሥራዬ የሚዋዋሉት ግን ሌሎች ሰዎች ነበሩ።

ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ሊከበር አንድ ሳምንት ቀርቶታል። በዚያ ሰሞን የመንግሥት ኃላፊዎችና የሠራተኛ መሪዎች አንድ አዳራሽ ትቀመጣላችሁ፤ ጥያቄ ይቀርባል፣ መልስ ይሰጣል። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በፊት እንዲደርሳችሁ ፈለግሁ።

አገራችን የባሕር በር ጥያቄዋን በይፋ አንሥታ እየተነጋገረች ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ተፈረመ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር የጋራ መግለጫ ወጣ። እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን መብራትና ኔትወርክ ባገኘን ቁጥር ወሬውን እንከታተላለን። ስለ ኪራይ ዘመን፣ ስለ ባሕር ዳርቻው ርዝመት፣ ስለ ባሕር ኃይል ሠፈር ብዙ ሰምቻለሁ። ዕቃውን ከመርከብ ስለሚያወርደው ሰው ግን እስካሁን አንድም ቃል አልሰማሁም። ይህ ያስጨንቀኛል። የሚያስጨንቀኝም መጨረሻውን አይቼው ስለማውቅ ነው።

አሰብ ላይ ብዙዎቻችን የምንኖረው ካምቦ ሱዳን በሚባለው ሠፈር ነበር። የበጋውን ሙቀት የማያውቅ ሰው ሲነግሩት አያምንም። የስንዴ መርከብ ሲገባ ግማሾቻችን ወደ መርከቡ ሆድ እንወርዳለን፤ ጆንያውን መረብ ላይ እንደረድራለን፣ ክሬኑ ይስባል፣ ከላይ ያሉት ተቀብለው መኪና ላይ ይጭናሉ። የማዳበሪያ መርከብ ሲሆን አፍና አፍንጫችንን በሻሽ እንሸፍናለን፤ ቢሆንም ዓይናችን ሲያቃጥለን ያድራል፣ ላባችን የወረደበት ቆዳም ይልጣል። መረቡ ከራሳችን በላይ ሲወዛወዝ ሁላችንም ወደ ግድግዳው እንጠጋለን። ከዚያ ውስጥ አንድ ጆንያ ሾልኮ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን የማያውቅ አልነበረም።

ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላ ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ወደብ አገልግሎትና ስለ ዕቃ መተላለፊያ ተስማምተው ነበር። በዚያ ስምምነት ኢትዮጵያ አሰብን መጠቀሟን ቀጠለች፤ እኛም ሥራችንን ቀጠልን። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆመ። ዕቃው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጅቡቲ የራሷ አውራጆች አሏት፤ እኛ ወደዚያ መዞር አንችልም። በሺዎች የምንቆጠር ኢትዮጵያውያን ሥራችንን አጥተን፣ የሠራንበትን የአገልግሎት ዘመን የሚጽፍልን ሰው ሳናገኝ፣ ዕቃችንን ጠቅልለን ወጣን። ስለ ስንዴውና ስለ ነዳጁ ስምምነት ነበር። ስለ እኛ ግን የጡረታ መዋጮአችን ወዴት ይሄዳል፣ የተጎዳው ሰው ካሳውን ከማን ይጠይቃል፣ ድንበሩ ቢዘጋ ሠራተኛው ምን ይሆናል የሚል ወረቀት ተጽፎ ከነበረ ያነበበልን የለም።

እኔ ከዚያ በኋላ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገርኩ። አሁን የምነግራችሁን የተማርኩት እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የሱዳን መንግሥት የፖርት ሱዳንን ደቡባዊ የኮንቴነር ወደብ አይሲቲኤስአይ ለተባለ የፊሊፒንስ ኩባንያ ለ20 ዓመት ሰጠ። ኩባንያው በመግቢያ ክፍያ ብቻ 530 ሚሊዮን ዩሮ ሊከፍል ተስማማ። ወቅቱ በፕሬዚዳንት ኦማር አል-በሽር ላይ የተነሣው ሕዝባዊ ተቃውሞ የጋለበት፣ መንግሥትም የውጭ ምንዛሪ የጠማው ጊዜ ነበር። ገንዘቡ ለምን እንደተፈለገ ማንም ያውቃል። ወደቡ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ግን ስምምነቱን እንደማንኛውም ሰው ከዜና ነው የሰሙት። ማን ይቀጠራል፣ ማን ይቀነሳል፣ የቆየው ሠራተኛ መብት ወደ አዲሱ ኩባንያ ይተላለፋል ወይስ ይቀራል፣ የሚነግራቸው አልነበረም። በጥርና በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ። መርከብ ባሕር ላይ ቆሞ ጠበቀ። እኛ ኦምዱርማን ያለነው እንኳ ተሰማን፤ የሚመጡት ተሳቢዎች ቀነሱ፣ ገበያ ቁጭ ብለን ዋልን። በሚያዝያ አል-በሽር ከሥልጣን ወረዱ፣ ቦታቸውን የያዘው ወታደራዊ ምክር ቤት ውሉን አገደ፣ በነሐሴም ተሰረዘ።

ይህን የምተርከው የውጭ ኩባንያን ለመንቀፍ አይደለም። ወደብ የሚያስተዳድር ኩባንያ ከየትም ይምጣ፣ ሠራተኛው ሊስማማበት የሚችል ውል ሊኖር ይችላል። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ የተገመተ ውል፣ ማኅተም ያረፈበትና ሚኒስትሮች የፈረሙበት ውል፣ አውራጁ ስላልተጠየቀ በጥቂት ወራት ወደቀ። አስቀድሞ ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ ሱዳንም ገንዘቧን፣ ኩባንያውም ወደቡን፣ ሠራተኛውም ሥራውን ባገኘ ነበር። ትምህርት ግን አልተወሰደም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን አቡ አማማ ላይ ለሚሠራ አዲስ ወደብ የ6 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ከኤምሬትስ ወገን ጋር ተፈረመ፤ በኅዳር 2024 መንግሥት ይህንንም ሰረዘው። ሁለቱም ከላይ ተጀምረው ከላይ ያለቁ ስምምነቶች ነበሩ።

ፖርት ሱዳን ላይ የዕቃ ማውረድ ሥራ በቡድን በቡድን ነው፤ ቡድኑን «ከላ» ይሉታል፤ አብዛኞቹ የቤጃ ሰዎች ናቸው። ኮንቴነር ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው ቀናት ፈጅቶ ያወርደው የነበረውን ክሬን በሰዓታት ያወርደዋል። ስለዚህ የእነዚህ ሰዎች ጥያቄ የደመወዝ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ነገ ሥራው ይኖራል ወይ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2005 የቤጃ ሰልፈኞች ጥያቄያቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ቢያንስ 20 ሰው ገድለዋል። ብዙዎቹ በወደቡ ሥራ የሚተዳደሩ ድሆች ነበሩ። ሱዳናውያን የሥራ ጓደኞቼ ያን ቀን ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ሱዳን የሠራተኛ ትግል አገር ናት። በአትባራ የባቡር ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የራሳቸውን ማኅበር አቁመው፣ የእንግሊዝ አስተዳደር አልቀበልም ሲላቸው ሥራ አቁመው፣ በመጨረሻ ማኅበራቸውን አስቀበሉ። ከዚያ ትግል የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ተወለደ። የፌዴሬሽኑን መሪ አል-ሻፊዕ አሕመድ አል-ሼኽን ግን ፕሬዚዳንት ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1971 ሰቀላቸው። አል-በሽር እ.ኤ.አ. በ1989 ሥልጣን ሲይዝ ማኅበራቱን በተነ፤ በኋላም አለቃውና ተራው ሠራተኛ በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ማኅበር ውስጥ እንዲሆኑ ሕግ አወጣ። ደመወዝህን የሚቆርጠው ሰው ያንተው ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ሲቀመጥ ከማን ጋር ትደራደራለህ? ማኅበሩ አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ መዋጮው በየወሩ ይቆረጣል፤ ሠራተኛው ግን ወኪል የለውም። ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲህ ኖሩ። ጋዜጠኞች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የራሳቸውን ማኅበር በነጻ ሲመርጡ ካርቱም ላይ የተሰማው ደስታ ትዝ ይለኛል። የሱዳን ጦርነት ከስምንት ወር ገደማ በኋላ መጣ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም፤ እናንተም ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የመደራደር መብትን የሚመለከቱትን ሁለት የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና ቁጥር 98ን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 አጽድቃለች። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) የተቋቋመው በዚያው ሰሞን ነው። ደርግ መጥቶ አፈረሰው፣ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) የተባለውን አቆመ። ኢሠማኮም ራሱ በ1987 ዓ.ም. የመንግሥትን የኢኮኖሚ ማስተካከያ ስለተቃወመ ዕውቅናው ተነሥቶ፣ ሊቀመንበሩ ዳዊ ኢብራሂምም በኋላ ከአገር ተሰደዋል። ይህን የማነሣው ቁስል ለመነካካት ብዬ አይደለም። ይህ ድርጅት የተከፈለበት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህም ነው የማምነውና የምጽፍለት።

አሁን ወደ አገር ቤቱ ነገር ልግባ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መልካም ነገሮች አሉት። ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኞች ይበቃሉ፤ ከዚያ በታች የሚሠሩትም ከሌላ ድርጅት ሠራተኞች ጋር ተሰብስበው ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ለኅብረት ድርድር በጽሑፍ የተጠየቀ ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት፤ በቅን ልቦናም መደራደር አለበት። የትርፍ ሰዓት ክፍያው በቀን 1.5 እጥፍ፣ በሌሊት 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ሠራተኛ ሥራ ላይ ቢጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። ይህን ሁሉ የሚያገኘው ግን በአዋጁ ዓይን «ሠራተኛ» የሆነ ሰው ነው።

ጫኝና አውራጁ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአዋጁ ዓይን ሠራተኛ አይደለም። አዋጁ በአንቀጽ 3 ላይ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል። ጫኝና አውራጁ ደግሞ በማኅበር ተደራጅቶ፣ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ፣ ከመጋዘን ባለቤት ወይም ከትራንስፖርት ድርጅት ጋር በኩንታል ዋጋ ተዋውሎ ይሠራል። ወረቀት ላይ ነጋዴ ነው። ጠዋት ተሰልፎ ስሙ ሲጠራ ግን ነጋዴ አይመስልም፤ የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው ሌላ ነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ነው፣ ነገ አትምጣ የሚለው ሌላ ነው። ያን ሰው «ራሱን የቻለ ተቋራጭ» ማለት አሠሪውን ከኃላፊነት ማስመለጥ ነው።

አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው አንድ ኩንታል ተሸክሞ ሳንቃ መውጣቱ እንደ ተራ ነገር ይታያል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጁ እንዲያነሣ የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 55 ኪሎ ነው። ግማሹ ማለት ይቻላል። ታዲያ ለምንድን ነው የአገራችን ጆንያ 50 ኪሎ የማይሆነው? ስሚንቶና ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ይመጣሉ፤ ጤፍና በቆሎም እንዲሁ ቢታሸጉ ገበያው የሚጎዳበት ምክንያት አይታየኝም። ለዚህ ሕግ እንኳ አያስፈልግም፤ መጋዘኖችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኅብረት ስምምነት ሊያስገቡት የሚችሉት ነገር ነው። አርባ ዓመት ሳይሞላው ወገቡ የታጠፈ ጫኝ ያላየ ሰው ካለ መርካቶ እህል በረንዳ ይሂድና ይመልከት።

እዚህ ገበያ ላይ ከእኛ መካከል አንዱ፣ ሱዳናዊ ነው፣ ዱቄት ሲያወርድ ሳንቃው ላይ አዳለጠው። ሳንቃው ላይ የፈሰሰ ዘይት ነበር፤ ማንም አልጠረገውም። እሱ በጀርባው ወደቀ፣ ጆንያው ደረቱ ላይ አረፈ። ትንፋሹ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ጆንያው ተቀዶ እንደሆነ ነው፤ የተቀደደ ጆንያ ከደመወዝ ይቆረጣልና። ወደ ነጋዴው ሄድን፤ ደላላውን ጠይቁ አለን። ደላላው የመኪናው ባለቤት ነው የሚመለከተው አለ። ሾፌሩ ባለቤቱ ፖርት ሱዳን ነው አለን። ለሕክምናው እኛው አወጣጥተን ከፈልን። ያን ዕለት አራት ሰዎች ከዚያ ዱቄት ጥቅም አግኝተዋል፤ አንዳቸውም ግን አሠሪ አልነበሩም። ከኢትዮጵያ የሚደርሱኝ ታሪኮችም ይኸው ናቸው። ሦስት አራት እጅ ያለፈ የሥራ ውል ሲኖር ጉዳቱ ታችኛው ሰው ላይ ይቀራል። መፍትሔው ግልጽ ይመስለኛል፦ ዕቃው የሚወርድበትን ቦታ የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ደረቅ ወደብም ይሁን መጋዘን፣ በግቢው ውስጥ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ይሁን። በመካከል ያለውን ደላላ ወይም ማኅበር እሱ ራሱ ይጠይቅ።

ሕዝቡ ስለ ጫኝና አውራጅ የሚያነሣውንም ቅሬታ አውቃለሁ። ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃውን ራሱ ሊያወርድ ሲል የሠፈሩ ማኅበር መጥቶ ያልተሠራ ሥራ ገንዘብ እንደሚጠይቀው፣ ካልከፈለ እንደሚዛትበት ሰምቻለሁ። ይህ ስህተት ነው፤ መተው አለበት። የሰው ዕቃ የሰው ነው። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ሥራው ዋጋ፣ ሰዓትና ኃላፊነት በግልጽ የተጻፈለት ሥራ ስላልሆነ ነው። የተለጠፈ ዋጋ፣ የተጻፈ ደረሰኝ፣ ቅሬታ የሚሰማ ቢሮ ካለ ነዋሪውም ሠራተኛውም ይከበራል።

ስለ ደመወዝ ትንሽ ልበል። ያው አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም፣ መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ ተወክለውበት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንደሚወስን፣ ዝርዝሩም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወጣ ይናገራል። አዋጁ የወጣው በ2011 ነው፤ እስከ 2017 ዓ.ም. ግን ቦርዱ አልተቋቋመም። ኢሠማኮ እንዲቋቋም በየዓመቱ በሠራተኞች ቀን ሲጠይቅ ኖሯል። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በወር ከ600 ብር በላይ የሚያገኝ ሠራተኛ ግብር ይከፍልበት የነበረው የገቢ ግብር አዋጅም እንዲሻሻል ሲጠይቅ ነበር። 600 ብር ምን ይገዛ እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ወለል በሌለበት አገር የኅብረት ድርድር የሚጀመረው ከዜሮ ነው፤ ሥራ ፈላጊው በር ላይ ተሰልፎ ሳለ ከዜሮ የጀመረ ድርድር ደግሞ የትም አይደርስም።

በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሌላ ቦታ ምን እንዳገኙ መናገር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2024 በአሜሪካ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚገኙ 36 ወደቦች የሚሠሩ የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን በስድስት ዓመት ውስጥ ደመወዝ 62 በመቶ ገደማ እንዲያድግ ተስማሙና ተመለሱ፤ በሰዓት 39 ዶላር የነበረው 63 ዶላር ይደርሳል። ሰውን የሚተካ ማሽን ጉዳይ ግን ስላልተቋጨ እስከ ጥር ተደራደሩበት፤ ከዚያ ረቂቁ ለአባላቱ ቀረበ፣ በየካቲት 2025 ድምፅ ሰጥተው አጸደቁት። አሜሪካ ሀብታም ናት፤ ከኢትዮጵያ ጋር በዶላር አላወዳድራትም። የማወዳድረው ሌላ ነገር ነው። ስለ ገንዘቡ ከተስማሙ በኋላ እንኳ ስለ ማሽኑ ሳይስማሙ አልፈረሙም፤ ከፈረሙም በኋላ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው አባሉ ነው። ይህን ለማድረግ ዶላር አያስፈልግም።

ስለዚህ ኢሠማኮን አጥብቄ የምለምነው ይህንን ነው። የኅብረት ስምምነት ረቂቅ ከመፈረሙ በፊት ሥራው ቦታ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ማንበብ ለማይችለውም በሚሰማው ቋንቋ ይነገረው። በኮሚቴ ክፍል ተፈርሞ ቅጂው መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ስምምነት ሠራተኛው አያውቀውም፤ የማያውቀውን መብት ደግሞ አይጠይቅም። ቋሚ ሠራተኛውን ብቻ ይዛችሁ አትደራደሩ። በአንድ ግቢ ውስጥ ቋሚው የሕክምና ዋስትና ሲኖረው፣ ከጎኑ ያንኑ ዕቃ የሚያነሣው የማኅበር ልጅ ምንም ከሌለው፣ ድርጅቱ ነገ ቋሚውንም በማኅበር ልጅ ይተካዋል። ይህን ለማስቀረት ከሁሉም የሚጠቅመው ሁለቱም በአንድ ስምምነት ውስጥ መግባታቸው ነው። የማኅበራቱ መሪዎችም የአባሎቻቸውን ክፍያ በግልጽ ይለጥፉ፤ ከኩንታሉ ስንት ለተሸካሚው፣ ስንት ለማኅበሩ፣ ስንት ለአለቃው እንደሚሄድ ሁሉም ይወቅ። አለቃ ከተሸካሚ በላይ የሚበላበትን ማኅበር የሠራተኛ ማኅበር ብዬ ልጠራው አልችልም።

ሚኒስቴሩን ደግሞ የምጠይቀው ከወደብ ጋር የሚያያዝ ነው። ኢትዮጵያ ዕቃዋን ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ታስገባለች። ነገ በሌላ ወደብ በኩል፣ በኪራይ ወይም በሽርክና፣ ለራሷ የሚሆን ቦታ ብታገኝ እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ የእኛ ልጆች፣ ብዙዎቹ የዚያ አገር ልጆች። የሥራ ቦታው በማን ሕግ ይተዳደራል? ጡረታቸውን የሚሰበስበው ማን ነው? የዚያ አገር የወደብ ሠራተኞች ማኅበር ከእኛ ኩባንያ ጋር ይደራደራል ወይ? ሁለቱ መንግሥታት ቢጣሉ፣ አሰብ ላይ እንደሆነው በአንድ ሳምንት ድንበር ቢዘጋ፣ ሠራተኛው ምን ይከፈለዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ከስምምነቱ በኋላ የሚመለሱ አይደሉም። በስምምነቱ ውስጥ መጻፍ አለባቸው፤ ለመጻፍም የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከውጭ ጉዳይና ከትራንስፖርት ሰዎች ጋር ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት፣ ኢሠማኮም አብሮ። የበርበራ፣ የጅቡቲ፣ የየትኛውም ወደብ አውራጅ ኢትዮጵያ መጣች ሲባል እንጀራዬን ልትቀማኝ ነው ብሎ ከፈራ፣ ፖርት ሱዳን ላይ የሆነው እዚያም ይሆናል። ሊያዳምጠው ዝግጁ የሆነ ሰው ካለ ግን ከማንም በፊት ወዳጅ የሚሆነን እሱ ነው።

ከጦርነት አገር የሚጽፍ ሰው ስለ ደመወዝና ስለ ጆንያ ክብደት ማውራቱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይሆን ይሆናል። ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳብሪን ገበያ ላይ የመድፍ ጥይት ወድቆ ከ50 በላይ ሰው ሲያልቅ እዚሁ ሠፈር ነበርኩ። በማግሥቱ ዱቄት የጫነ መኪና መጣ፤ ከተማው መብላት ነበረበትና አወረድነው። ዋጋው ግን ከቀድሞው ያነሰ ነበር። ጦርነት ሲመጣ አሠሪው ሥራ የሚፈልገውን ሰው ብዛት ያያል፣ ዋጋውን ይቀንሳል፣ የሚከራከርለት ማኅበር የለም። ስለዚህ የኅብረት ስምምነት የሰላም ጊዜ ቅንጦት አይደለም። በሰላም ጊዜ ካልተጻፈ በችግር ጊዜ የሚያነሣው የለም።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። የደመወዝ ቦርዱ ደንብ ወጥቶ ቦርዱ ይቋቋም። በማኅበር ተደራጅተው ለአንድ ግቢ የሚሠሩ ጫኝና አውራጆች ከግቢው አስተዳዳሪ ጋር በኅብረት እንዲደራደሩ ሕጉ በግልጽ ይፍቀድላቸው፤ ጉዳት ሲደርስባቸውም ግቢው ይጠየቅ። ኢትዮጵያ ከእንግዲህ በምትፈርመው በማናቸውም የወደብ ስምምነት ውስጥ ስለ ሠራተኛው አንድ ምዕራፍ ይኑር፤ ከመፈረሙ በፊትም ኢሠማኮ ይየው። በዚህ በሚያዝያ 23 መድረክ ላይ ሦስቱም ተነሥተው መልስ እንዲሰጥባቸው በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በኦምዱርማን የሚኖር ጫኝና አውራጅ፣
የቀድሞ የአሰብ ወደብ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ
በየመጋዘኑና በየደረቅ ወደቡ ላሉ የጫኝና አውራጅ ማኅበራት